የቡታጅራ ጃፓናዊ በረኛ

ቡታጅራ፣ ግንቦት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙሀይሚን፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን ከረምክልኝ የኔ ዓለም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ስልክህ ሲጠራ ውሎ ስለማይነሳ ይህን በጎረቤታችን በናጃህ እጅ ልኬልሃለሁ። በርበሬውን አራግፎ ከመመለሱ በፊት ፈልጎ ይሰጥሃል።

ሰፈራችን አንድ ጉድ ገብቷል። ኬንጎ የሚባል፣ እንደ አንተው በረኛ የሆነ ጃፓናዊ አለ። አገሩ ውስጥ እንኳ የሚያውቀው የለም አሉ። እዚያው ጃፓን ሦስተኛ ሊግ ነው የሚጫወተው፤ መጫወት ካልነው ነው እንጂ ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነው። ጓደኞቹ ጎል ሲያገቡ ግን ካገባው በላይ የሚዘለው እሱ ነው። ባጃጅ ነጂው ሸዋንግዛው ይህን ዝላይ ቲክቶክ ላይ አገኘና በአማርኛ ጽፎበት ለቀቀው። ከዚያ በኋላማ የቡታጅራ ወጣት በሙሉ ልጁ ገጽ ላይ ሰፈረ። እህትህ ባሂራ ከስልኳ አንገቷን ቀና አታደርግም። ልጁም ነገሩ ግራ ቢገባው ወረቀት ላይ “ቡታጅራ” ብሎ በእኛው ፊደል ጽፎ፣ እጅ እየነሳ ቪዲዮ ላከልን። ፊደሉ ተንጋዷል። ሸዋንግዛው ፎቶውን አሳትሞ ባጃጁ ላይ ለጥፎታል።

እኔም አልቀረሁም። የሴቶቹ ዱዓ ላይ አንስቼው፣ “አላህ ሜዳ ያስገባው” አስባልኩ። ጎረቤታችን ፈቲሀ፣ ነገረኛነቷን ታውቃለህ፣ “እስላም ነው እንዴ?” አለችኝ። “እሱም እናት አለችው፤ አሚን በይ” አልኳት። አለች።

ባለፈው ሳምንት ዋናው በረኛ ተጎዳና ኬንጎ ገባ። ባጃጁ ሁሉ ቆሞ ሰው ስልክ ላይ ተደፋ። አራት ጎል ገባበት። ጨዋታው ሲያልቅ ደጋፊው ፊት ጎንበስ እንዳለ ቀረ። አንተን ነው ያየሁት። ያኑ ዕለት ይረሱታል ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ገበያ ስወርድ ግን ፎቶው ባጃጁ ላይ እንዳለ ነው። ባሂራን “ምን ጻፋችሁለት?” ብላት፣ “አይዞህ ነዋ እማ፣ ሌላ ምን ይባላል?” አለችኝ።

ሙሀይሚን፣ ክለቡ እንዳሰናበተህ አውቃለሁ። ናጃህ ባለፈው ድሬዳዋ ሲመጣ እዚያ ገበያ ውስጥ ጆንያ ተሸክመህ እንዳየህ፣ ሲጠራህም ፊትህን እንዳዞርክበት ነግሮኛል። ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረም። ጆንያ መሸከም ምን ነውር አለው? አባትህም፣ አላህ ይማረውና፣ በዚሁ ነው ያሳደጋችሁ። እኔን ያንገበገበኝ ሁለት አረፋ መቅረትህ ነው። “ተሰለፍክ ወይ?” ይሉኛል ብለህ እንደምትፈራ ይገባኛል። ይበሉ፤ መልሱን ለእኔ ተወው።

ዘንድሮ በሬውን የምንጋራቸውን ጎረቤቶች ለምኜ፣ ዕርዱን እስከሚፈቀደው የመጨረሻ ቀን አቆይቼልሃለሁ። ፈቲሀ እንኳ ሳታጉረመርም እሺ አለች። ምንም ይዤ ልምጣ ብለህ እንዳትቀር። ሰው እንዳያይህ ማታ መግባት ካሻህ በሩ አይቆለፍም። ቀን ብትገባ ግን ደስ ይለኛል።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፤ መንገድህን ያቅናልህ፤ ዓይንህን ያሳየኝ።

እናትህ ዘይባ