አባትሽና ሽመላዋ

ዓይኔ ልጄ፣ በረገጥሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ፤ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሎኛል።

ብርዱ ገና ሳይለቅ ሽመላዎቹ ከሩቅ አገር መጥተው ሐይቁ ዳር ያለውን መናፈሻ ሞልተውታል። ከትናንት ወዲያ አንዷ እግሯ በዓሣ ማጥመጃ ክር ተተብትቦ ስትንፈራገጥ፣ አባትሽ በዚያ በሽተኛ ደረቱ እስከ ወገቡ ውኃ ገባልሽ። ብጮህ ማን ሰምቶኝ! ፈትቶ ለቀቃትና እየተንቀጠቀጠ ወጣ።

የመናፈሻው ዘበኛ «ለአንድ ወፍ ብለው ሊሞቱ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣው።

«እንግዳ ናት እኮ፤ የኔም ልጅ ሰው አገር ነው ያለችው» አለው።

ዘበኛው ካፖርቱን አውልቆ አለበሰው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ያስለዋል፤ ባሳለ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው አሻፈረኝ አለ። እባክሽ ደውለሽ ተቆጪልኝ፤ አንቺን ይሰማል። በጨነቀሽ ጊዜ ደራሽ አያሳጣሽ።

እናትሽ