አቤል የተሳፈረበት ስም

ጥር 5 ቀን 2001፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ሥራ ገባሁ፣ አሥራ አራት ክፍል አጸዳሁ፣ ወጣሁ። ካፒቶል ሂል ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ወገቤ... ተዪው ባየሽ፣ ወገብሽን ማን ጠየቀሽ።

አቤል ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ። የጦር መርከቡ ከኤቨረት ወደብ ሲነሳ ምን እንዳልኩት እንኳ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ከመሄዱ በፊት ለመርከበኞቹ ቤተሰብ የተደረገው ስብሰባ ነው። አንዲት ሴትዮ ተነሥታ፣ "ክፉ ነገር ከደረሰ በስልክ አይነገራችሁም፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው በራችሁን ያንኳኳሉ" አለች። ፈገግ ብላ! ከዚያ ቀን ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር በመጋረጃው ሳላጮልቅ አልከፍትም።

ዛሬ ባሌን ወንዳፍራሽን "ሃርግሮቭ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኩት። መርከቡ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። "የሰው ስም ነው። የድሮ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን" አለኝ ጫማውን እያወለቀ። የሞተ ሰው ስም? ልጄ የሞተ ሰው ስም ተሳፍሮ ነው የሄደው? "እንዴት ነው የሞተው?" አልኩት። አላውቅም አለኝ። ሰው እንዴት አይጠይቅም?

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። በመጋረጃው አጮለቅኩ... ሁለት ወንዶች። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራባት። ሶፋው ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ካልከፈትኩ አልሰማም፣ ካልሰማሁ አልሆነም እያልኩ ትንፋሼን ዋጥኩ። ኖላዊት ሮጣ ከፈተች። ሃይማኖት የሚሰብኩ ልጆች! ወረቀት ሰጥተዋት ሄዱ።

"ማሚ፣ እዛ ምን እያደረግሽ ነው?"

ጉትቻዬ ወድቆ ነው አልኳት። ጉትቻ አላደረግኩም ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አልተሸወደችም።

ከሰዓት በኋላ ሬንተን፣ ወንዙ ላይ የተሠራው ላይብረሪ ይዛኝ ሄደች። ስለ ሃርግሮቭ አንድ መጽሐፍ ብቻ አላቸው። ሽፋኑ ላይ ሥዕሉ አለ፣ ረጅም አፍንጫ፣ የተቆጣ ፊት። ኖላዊት መጨረሻውን ልትገልጥ ስትል እጇን ያዝኩ።

"ከፊት ጀምሪ።"

"ዋይ? ለምን?"

በቃ። ከፊት።

ጥር 18፣ ሰኞ

ከእራት በኋላ እሷ በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ የገባትን በአማርኛ ትነግረኛለች። እኔ ልብስ አጥፋለሁ።

ናታን ሃርግሮቭ ዓሣ አጥማጆች መንደር ነው የተወለደው። አባቱን ባሕር በላው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ መርከብ ልግባ ሲል እናቱ እንዳይሄድባት ጫማውን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የጎረቤት ጫማ ተውሶ ሄደ! ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። እኔም እኮ ባሕር ኃይል እንዳይመዘገብብኝ የአቤልን ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ሽሮ ዕቃ ውስጥ ደብቄ ነበር። ሁለት ቀን ፈልጎ አገኘው። ወታደር የሚመለምለው ሰውዬ ጋ ሲቀርብ ካርዱ ሽሮ ሽሮ ይሸት ነበር አለኝ በኋላ።

ሃርግሮቭ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሌፍተናንት ሆነ። ከፈረንሳዮች ጋር ተዋጋ። ከዚያ የባሕር ወንበዴ እንዲያባርር ወደ ሰሜን አፍሪካ ጠረፍ ላኩት። መርከቡ ድንጋይ ላይ ወጣና ቆመ፣ ተማረከ፣ ዓመት ተኩል በሰንሰለት ታሰረ።

"ስንት ዓመቱ ነበር?"

"ሃያ አንድ" አለች ኖላዊት።

አቤልም ሃያ አንድ ነው። ለዛሬ ይበቃል አልኳት።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

አቤል ኮል አደረገ! ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

"ማሚ፣ የት እንዳለን መናገር አይፈቀድም፤ ግን... ዜና ካየሽ ይገባሻል። ለአያቴ ጎረቤት ልሆን ነው በያቸው።"

ገባኝ። በስማም። የሶማሌ ጠረፍ! ማታ ማታ ቲቪው የሚያሳየው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች፣ ጀልባ...

"ወንበዴዎቹ ጋ?"

"እነሱ ትንሽ ጀልባ ነው ያላቸው። የእኛ ትልቅ መርከብ ነው። ኦኬ?"

"የሃርግሮቭም ትልቅ ነበር" አልኩት።

ስለ መጽሐፉ ኖላዊት ነግራዋለች፣ ሳቀብኝ። "ያን መጽሐፍ መልሺው ማሚ፣ ፕሊስ።" አልመልስም። ሰውዬው እንዴት እንደሞተ ሳላውቅ አልመልስም። ሳውቅስ? ማወቁንም እፈራለሁ። ምን ጉድ ነው ይሄ።

የካቲት 8፣ እሑድ

እንደ እሑዱ ሁሉ አገር ቤት፣ ናዝሬት፣ አባቴ ጋ ደወልኩ። አባባ ራሳቸው አነሡት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ስልክ ሲያነሡ አሁንም ይጮኻሉ። የአቤልን መልእክት ነገርኳቸው።

"ጎረቤት ከሆነ ምነው ብቅ አይልም!" ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳል ያዛቸው። ብዙ ሳሉ።

"ያ ካፒቴንሽስ ምን ደረሰ?" ታሪኩን በየሳምንቱ ነው የምነግራቸው።

"ተፈታ አባባ። አገሩ ገባ።"

"እሰይ! እናቱ አየችው?"

"አየችው። ግን ተመልሶ ሄደባት።"

"ወይ እናት!" አሉ። እኔም አላስቻለኝም፣ አለቀስኩ። እንቅልፍ እንደሌለኝ፣ በር ሲንኳኳ እንደምደበቅ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ያሉኝን እንዳልረሳው ልጻፈው፦ "ልጄ፣ አንቺ ሥራ አለብሽ፣ ልጅ አለብሽ። ፍርሃትሽን ለእኔ ስጪኝ። እኔ ሥራ የለኝም፣ ተቀምጬ እፈራልሻለሁ።"

ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እግሬን ይበርደኛል ብለዋል፣ ወፍራም ካልሲ መላክ አለብኝ።

የካቲት 15፣ እሑድ

ዛሬ ስልኩን ያነሣው ወንድሜ አማረ ነው። አባባስ? ጠበል ሄደዋል አለኝ። በዚያ ሳል ጠበል? "አዎ... ይሻላቸዋል ብለን..." ከኋላው ብዙ ሰው ይሰማል። ምንድን ነው ስለው፣ ቅበላ አይደል፣ ዘመድ መጥቶ ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ነገ ጾም ይገባል። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

ሃርግሮቭ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጋ ሁለት ጣቱን አጥቷል። ለአባባ ልነግራቸው አዘጋጅቼ ነበር።

አንድ ነገር ከነከነኝ። አማረ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ አቤል ነው። ዛሬ ስሙን አላነሣም። የሰማው ነገር አለ?

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

አቤል ደወለ። ድምፁ ልክ አይደለም። ልጄን አላውቀውም እንዴ?

"ማሚ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ሹር? በጣም ደህና ነሽ?"

ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ባሕር ላይ ያለሁት? ከዚያ "አይ ላቭ ዩ" አለኝ፣ አባቴን አገናኚኝ አለ። ወንዳፍራሽ ስልኩን ይዞ ጋራዥ ገባ። በሩን ዘጋው። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ የሰማሁት አንዲት ቃል ብቻ ናት፦ "እንዳትነግራት።"

ምኑን? ቆስሎ ይሆን? ጣቱ ይሆን? ማርያም፣ ጣቱን ብቻ አድርጊው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

የሥራ ባልደረባዬ ልዕልት ሰኞ አገር ቤት ትሄዳለች። የአባባን ካልሲ ጠቅልዬ ሰጠኋት፣ ሁለት ጥንድ፣ ሱፍ። ዕቃውን ደረቷ ላይ አቀፈችው፣ ዓይኗ ሞላ።

"ምነው?"

"አለርጂ ነው እህቴ።"

ትናንት አለርጂ አልነበረባትም። እሷም ታውቃለች። ሁሉም ስለ አቤል የሚያውቀው ነገር አለ። ወንዳፍራሽ የሚያሽከረክረውን የመንገደኛ ማመላለሻ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ፣ ውስጡ ተቀምጦ በስልክ ያወራል፣ ስመጣ ይዘጋል። ኖላዊት ማንበብ አቁማለች። ሆምወርክ አለብኝ ትላለች፣ ፊቴን አታይም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

መጨረሻውን ብቻዬን አነበብኩት። አውቶቡስ ላይ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ።

ናታን ሃርግሮቭ ጥይት አልገደለውም። ወንበዴም አልገደለውም። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ በአንድ ደሴት አጠገብ ቢጫ ወባ ያዘውና በአራት ቀን ሞተ። ባሕር ውስጥ ቀበሩት። ወሬው እናቱ ጋ የደረሰው ከአምስት ወር በኋላ ነው። አምስት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስትጽፍለት ነበር። ክረምት መጣ ብላ የሱፍ ጓንት ሠርታለታለች፣ አንደኛው ጓንት ሦስት ጣት ብቻ ያለው።

መርከበኛው ሁሉ ያውቃል፣ የወደቡ ሰው ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም። እኔስ? አሁን ይቺን ስጽፍ ልጄ አለ? ወይስ እኔም ጓንት እየሠራሁ ነው?

የምወርድበትን ፌርማታ አልፌ ሄድኩ።

የካቲት 20፣ ዓርብ

ማናጀሬ ጠርታኝ፣ ከነገ ጀምሮ አንድ ሳምንት እረፍት ነሽ አለችኝ። ማን ጠየቀ? ባልሽ ደውሎ ነው አለች።

ቤት ገብቼ ኮሌታውን ያዝኩት። "አቤል ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። በሥላሴ!"

"ፈቃዱስ?"

"ደክመሻል ብዬ ነው።"

በሃያ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን ደክመሻል ብሎኝ አያውቅም። ተንበርክኬ ለመንኩት። ፊቱን አዞረብኝ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

እጄ አሁን ነው መጻፍ የቻለው።

ቅዳሜ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሌላ። ሌላ። በመስኮት አየሁ። ሰባት መኪና፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከፊት የዕድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ኃይለ መስቀል ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። ማንም አያወራም። ዩኒፎርም የለበሱትን ሁለቱን በዓይኔ ፈለግኩ፣ የሉም። ይሄ የእኛው ነው። እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው። ዩኒፎርም የለበሱት ለወንዳፍራሽ ነግረውታል፣ እሱ ደብቆኝ ዕድሩን ጠርቷል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

በሌሊት ልብሴ ወጥቼ በሩን በረገድኩት። "አቤል ነው? አቤል ነው ወይ?" ብዬ ጮህኩ። መንገዱን ሙሉ ሳልቀሰቅስ አልቀረሁም።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ደንግጠው እጄን ያዙኝ። "ኧረ አይደለም! አቤል ደህና ነው ልጄ፣ አቤል ደህና ነው!"

እልል አልኩ።

አዎ፣ እልል አልኩ። በሙሉ ድምፄ፣ ሁለት እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ። የተቀበለኝ የለም። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ልዕልት አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ጋሽ ኃይለ መስቀል እጄን አልለቀቁም።

"ባየሽ... አባትሽ ናቸው። ካረፉ ስምንት ቀናቸው።"

እልልታዬ ገና አላለቀም ነበር። የአባቴን መርዶ በእልልታ የተቀበልኩ እኔ ነኝ።

ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ማልቀስ አቃተኝ። ደንግጣ ነው አሉ። ደንግጬ አይደለም። ውስጤ አቤል አለ፣ አቤል አለ፣ አቤል አለ ይላል፣ ዝም በል ብለው አይሰማም። ይሄን ለማን ይናገሩታል? ለዚህ ደብተር እንጂ። አባባ፣ ይቅር በለኝ። አንቱ ነበር የምልዎት... ይቅር ይበሉኝ።

ልዕልት ካልሲውን መልሳ ጭኔ ላይ ስታስቀምጠው ነው ያለቀስኩት።

ወንዳፍራሽን እስከ ማክሰኞ አላናገርኩትም። "ሥራ ላይ ሆነሽ እንዳትሰሚ፣ ሰው በተሰበሰበበት እንድትሰሚ ብዬ ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው" አለኝ። ወጉን አውቃለሁ። እኔም ለስንት ሰው እንዲያ አድርጌአለሁ። ግን በሃርግሮቭና በእናቱ መካከል ባሕር ነበር። በእኔና በአንተ መካከል ያለው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው አልኩት። አቀፈኝና አብሮኝ አለቀሰ።

መጋቢት 6፣ እሑድ

መጽሐፉን መለስኩ። ቀኑ አልፎበታል፣ ሴትዮዋ ምንም አላለችኝም።

ከሰዓት አቤል ደወለ። ጋሽ ኃይለ መስቀል፣ "የአያቱን እንዳትነግሪው፣ እስኪመለስ" ብለውኛል። ኖላዊት ቀና ብላ አየችኝ። አቤል ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ ስለ ወገቤ ጠየቀኝ። ስለ አያቱ አልጠየቀም። ባሕር ላይ ነው፣ ብቻውን ነው፣ እንዴት... ነገርኩት።

"አቤልዬ፣ አያትህ አርፈዋል።"

"አውቃለሁ ማሚ። ኖላዊት ኢሜይል አድርጋልኝ ነበር። ዳዲ እንዳትነግራት አለኝ። አይ አም ሶሪ።"

ያን ቀን ሦስት ጊዜ ደህና ነሽ ያለኝ፣ ጋራዥ ውስጥም "እንዳትነግራት" የተባለው ለዚህ ነው። ወይ ልጄ። እኔ ለእሱ ስሞት እሱ ለእኔ ሲሞት።

"ከእንግዲህ እንዲህ አናደርግም" አልኩት። "ክፉ ሲመጣ ቀድሞ ለእኔ ይነገረኝ። ሰምተሃል?"

"ኦኬ ማሚ።"

"እስኪ እውነቱን ንገረኝ። ትፈራለህ?"

ስልኩ ውስጥ የመርከቡ ሞተር ይሰማል።

"በየቀኑ" አለኝ።

ባሕር ኃይል ከገባ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እፈራለሁ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ብቻዬን የምፈራ ይመስለኝ ነበር።

"በል ፍርሃትህን ለእኔ ስጠኝ" አልኩት። "አንተ ሥራ አለብህ። እኔ እዚህ ተቀምጬ እፈራልሃለሁ።"

ሲያለቅስ ሰማሁት። ሰዓቱ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።

አሁን የአባባን ካልሲ አድርጌ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ። ይሞቃል። በሩ እየተንኳኳ ነው... መጋረጃው ጋ አልሄድኩም። ኖላዊት ልትነሣ ስትል ተቀመጪ አልኳት።

ሄጄ ልክፈት።