ከሚዛን የወረደው ዱባ

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተቀየምኩህ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚብስብህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ምራታችንስ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ምንም አትል። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ንዴቴም እንደዚያው ከልቤ ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ተቀበልና ቁጭ ብለህ አንብብ። በስልክ ልንገርህ ብል ወይ እጮህብሃለሁ ወይ አለቅሳለሁ።

ነገሩ የዱባዬ ነው። አዎ፣ ሳቅ! በደወልክ ቁጥር እትዬ ዱባሽ ጥርስ አወጣ ወይ እያልክ ስትቀልድበት የከረምከው ዱባ። ለምን እንደዚያ እንደምሆንለት ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅከኝም። የአትክልተኞች ማኅበራችን በየዓመቱ የትልቅ ዱባ ውድድር ያደርጋል፤ ያሸነፈ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት የሚዘራበትን መደብ ከሁሉም ቀድሞ ይመርጣል። የእኛ መደብ ያንን ቁልቁለት ወርደው፣ ድንጋዩን ረግጠው የሚደርሱበት ነው። እማዬ በዚያ ጉልበቷ እንዴት አድርጋ ትውረደው? አባዬ ካረፈ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ መንገድ ስታይ ነው የምትውለው። በሩ አጠገብ ግን ጥላ ያለው፣ ቧንቧ ያለው፣ ከታክሲ ወርዶ ቁጭ የሚባልበት መደብ አለ። እሱን ለእሷ ነበር የፈለግኩት። ባይሳካልኝ ሆዷ እንዳይባባ ብዬ ግን ምንም አልነገርኳትም።

ለዚህ ብዬ ያልሆንኩት የለም። ጎህ ሲቀድ ወርጄ የወንዴውን አበባ በሴቴዋ ላይ በእጄ አሻሸሁ። ምግቡ ሁሉ ለአንዱ እንዲደርስ ብዬ ከያዙት ፍሬዎች አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ቀጥፌ ስጥል እማዬ ሰምታ፣ ልጄ አብዳለች፣ ሰው እንዴት የያዘ ፍሬ ይጥላል ብላ ጎረቤቱን አዳረሰችው። ፀሐይ ቆዳውን እንዳያደርቅበት ከደንበኞቼ ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ገጣጥሜ ልብስ ሰፋሁለት፤ ባደገ ቁጥር እየተረተርኩ አሰፋሁለት። ባለቤቴ ለእኔ አንዲት ቁልፍ መትከል አቅቶሽ ለዱባ ትሰፊያለሽ እያለ ሲነጫነጭ ነው የከረመው። እውነቱን ነው፤ ልጄን ሳረግዝ እንኳ እንደዚያ አልተጠነቀቅኩም።

የውድድሩ ዋዜማ የሰፈሩ ወጠምሾች ዱባውን በሸራ ተሸክመው አወጡልኝና ግቢያችን ውስጥ አስቀመጡት። እኔ የጭነት መኪና ልለምን ላይ ታች ስል ዋልኩ። እማዬ አጠገቡ ወንበር አስወጥታ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ፣ አንቺ ሂጂ አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ወይ ጉዴ!

በማግስቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሦስት ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ያ ጥርስ ሐኪሙ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበው። በየዓመቱ የሚያሸንፈው ጸጉር አስተካካይ ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ሰዉ ሲያጨበጭብ እማዬ ምርኩዟን ይዛ ወደ ሚዛኑ ተጠጋች። ልትስመው ነው ብዬ ሳይ፣ ጎንበስ አለችና ልብሱን ገለጥ አድርጋ ከዱባው ጎን ሦስት ማዕዘን ቁራጭ መዝዛ አወጣች። ኑ እዩ፣ እስከ ሆዱ ድረስ ሥጋ ነው፣ ምን የጎደለው አለ ብላ ለዳኞቹ አሳየቻቸው።

ክው አልኩ። ታስታውሳለህ አይደል፣ እማዬ ጉልት ተቀምጣ አትክልት ስትሸጥ ሀብሐቡንም ዱባውንም እንዲህ በቢላ ቆርጣ፣ ውስጡን ለገዢ አሳይታ መልሳ ትከድነው ነበር። ውስጡን ሳያሳዩ መሸጥ ለእሷ ማታለል ነው። ዳኞቹንም እንደ ገዢ ነው የቆጠረቻቸው። እኔ መኪና ስለምን እሷ ቆርጣ፣ መልሳ ገጥማ፣ የሰፋሁለትን ልብስ አልብሳ ጠብቃኛለች። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ሆዱ ድረስ የተበሳ ዱባ አይቀበልም፤ በቀዳዳው ምን እንደገባበት አይታወቅም ይላሉ። ይህን ለአገር ምድሩ ስለፈልፍ ከርሜ ለእሷ ብቻ አልነገርኳትም።

አስወረዱት። ጥርስ ሐኪሙ አዝናለሁ እያለ፣ ጸጉር አስተካካዩ ጥርሱን እያሳየ። ውሃ አልሞላሁበት፣ ድንጋይ አልከተትኩበት፣ ዓይናችሁ እያየ የወጣ ቁራጭ ነው ብዬ ተሟገትኩ፤ ማን ሰምቶኝ! የበሩን መደብ ጸጉር አስተካካዩ መረጠው። ሁለት እግሩ ደህና የሆነ ሰው፣ ቁልቁለቱን እያፏጨ የሚወርድ ሰው! እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እማዬን ደግፌ ወደ ቤት ወሰድኳት። እራት ላይ ግን አላስቻለኝም፤ ማን ቁረጪ አለሽ አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ወንድምሽ ደውሎ፣ እማዬ የእትዬ ዱባ ውስጡ ባዶ ነው፣ ከበሮ ነው ብሎኛል፤ የገዛ ወንድምሽ የተጠራጠረሽን ባዕዳንማ እንዴት ያምኑሻል አለችኝ።

ከበሮ! አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ? ለቀልድ እንዳልከው አጥቼው አይደለም። ግን የአንተ ቀልድ እዚህ ሲደርስ ቀልድ አይሆንም። እኔ ጠዋት ማታ አጠገቧ ሆኜ መድኃኒትሽን ዋጪ ስላት ቆይ ትለኛለች፤ አንተ አልፎ አልፎ ደውለህ ጣል የምታደርጋትን ቃል ግን ስታነሳ ስትጥል ትከርማለች። ቅናት ነው ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው!

ቁራጩን አልጣለችውም። ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በመሐረቧ ቋጥራ ላኪለት ብላኛለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። በዓይንህ እየውና ደውለህ ተሳስቻለሁ በላት። እሱ ግን ለእኔ ካሳ አይሆነኝም። ለሚቀጥለው ዘር ራስህ መጥተህ ያንን ቁልቁለት አዝለህ ታወርዳታለህ። ወገቤን እንዳትለኝ! ከመደቡ ዳር ወንበር እኔ አስቀምጣለሁ።

ምራታችንን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ ልብሷን እየሰፋሁላት ነው፣ አንተን ብቀየም እሷን አልቀየምም። ትልቋን ጎበዝ በርቺ በልልኝ፤ ያንን ዱብዬ ልጅህንም እቀፍልኝ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ወንድምሽን ተይው እያለ ከጎኔ ይሟገትልሃል። ልጄ አጎቴ መቼ ነው ጫማ የሚልክልኝ ትላለች።

እማዬ ይህን ሁሉ ሳነብላት ሰምታለች። መደቡ ለእሷ ታስቦ እንደነበረም ገና አሁን ነው ያወቀችው። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን የጠየቀችኝ ዘሩ የሚዘራው መቼ ነው ብላ ብቻ ነው።

የተቆጣች እህትህ

እማዬ መስኮት ሥር ተጻፈ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን