ሊዲያ ሳትነግረኝ

ሰኞ፣ መስከረም 12

ስሟን ከሌላ ሰው ስም ጎን አየሁት። በስልክ፣ በተመዝጋቢዎች ዝርዝር ላይ። የናይሮቢው የቴኒስ ውድድር፣ የሴቶች ጥንድ፣ ተራ ቁጥር ስድስት፤ ሊዲያ እና አንዲት ኬንያዊት። እኔ የለሁም። ገጹን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው።

ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት አንድ ሜዳ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሳሙና። ካይሮ ላይ ሆዷን ሲቆርጣት ልምምዴን ትቼ ጀርባዋን ሳሽ የዋልኩት እኔ ነኝ። አንዲት መስመር መጻፍ አቃታት? «ትዕግሥት፣ ከሌላ ሰው ጋር ልሞክር ነው» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። በግራ እጄ። የቀኙ አንጓ አሁንም እንደታሰረ ነው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት አሳርፊው ስላለኝ ነው ሐይቅ፣ አባባ ቤት የመጣሁት። አምስቱ አልፏል። አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘችኝም እሷው ናት። «ሂጂ፣ ዳኚና ነይ፣ እጠብቅሻለሁ» ብላ። በገዛ አፏ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊቴን አዩና «ምን ሆነሽ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያጠቁርም» ብለው ገቡ።

ስሜን ትዕግሥት ብለው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ምን አይተው እንደሆነ አንድ ቀን እጠይቃቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

ለሊዲያ ጽፌ ያጠፋኋቸው፦

«እንኳን ደስ አለሽ።» (አሽሙር አይገባትም፤ አመሰግናለሁ ትለኛለች።)

«ለምን?» (ልመና ይመስላል።)

አንድ ስድብ። (እዚህም አልጽፈውም። አባባ ወረቀት ሲያጡ ደብተሬን ያነሳሉ።)

በመጨረሻ ደወልኩ። አታነሳም። አሠልጣኛችን ጋ ደወልኩ። «እኔ በእናንተ መሀል አልገባም» አለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በመሀላችን ቆሞ «አንቺ ወደ ፊት፣ አንቺ ወደ ኋላ» ሲል የኖረ ሰውዬ! ዛሬ አልገባም አለ። ዘጋሁበት።

የሚያንገበግበኝ እሷ ብቻ አይደለችም። አምና ናይሮቢ ለፍጻሜ ደርሰን ነበር። ያገኘነው ነጥብ የሚቆየው አንድ ዓመት ነው። ዘንድሮ ካልተጫወትኩ ይወድቃል፤ ነጥቡ ሲወድቅ ስሜ ከደረጃው ይወጣል፤ ስሜ ከወጣ ደግሞ እንዲህ ያለ ውድድር በር ላይ ቆሜ «እባካችሁ አስገቡኝ» ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ምዝገባው የሚዘጋው የፊታችን ማክሰኞ። ጥንድ ደግሞ ብቻውን አይመዘገብም።

እሷ ይሄን ሁሉ ታውቃለች። እያወቀች ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

ትናንት ምንም አልጻፍኩም። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ።

ዛሬ ዘሃራ መጣች። አብሮ አደጌ ናት፤ የእነሱ ቤትና የእኛ ቤት አንድ አጥር ነው። አሁን እዚሁ ሐይቅ የስፖርት መምህርት ሆናለች። የሆነውን ነገርኳት። «አላህ ያብጀው» አለችና ጫማዬን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው።

የትምህርት ቤቱን የመረብ ኳስ ሜዳ መረብ ዝቅ አድርገን አሰርነው። ሜዳው አባጣ ጎባጣ ነው፤ ኳሱ ጠጠር ሲመታ ወደፈለገበት ይሄዳል። ዘሃራ ሒጃቧን ጠበቅ አድርጋ ማዶ ቆመች። ራኬት እንደ መጥረጊያ ነው የምትይዘው፣ ግን ትሮጣለች። ማሰሪያውን ፈትቼ መታሁ። ደጋግሜ መታሁ።

«አንች! ኳሱ ሊዲያ አይደለም እኮ! ወላሂ ይፈነዳል!»

ሃያ ሰርቭ፣ ሃያ የመክፈቻ ምት። አላመመኝም። (ትንሽ አመመኝ።) ድል ነው፣ ይጻፍልኝ።

ስናርፍ ውኃ እየጠጣች «ስትሸነፉ ምን ትያት ነበር?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ሊዲያን ነዋ።»

«ምንም። አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ምንም አልላትም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ዘሃራ ትኩር ብላ አየችኝ። ልጅ ሆነን ተጣልተን ለአንድ ክረምት ሙሉ ያላናገርኳትን ሳታስታውስ አልቀረችም። እሷም ላይ ተናደድኩ። እኔ ነኝ የተከዳሁት፤ ምን አስተያየት ነው ይሄ?

ቅዳሜ፣ መስከረም 17። መስቀል

አባባ ከማኅሌት ደክመው ተመለሱ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ አሁንም መቋሚያ ተደግፈው ቆመው ያድራሉ። በሕይወታቸው አንድ ቀን ስጫወት አይተውኝ አያውቁም። አክስቴ አዲስ አበባ አንድ የቴኒስ ክበብ ውስጥ ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ለትምህርት እሷ ዘንድ ሄጄ ነው ራኬት የጨበጥኩት። ሙያዬ ይሄ ነው ስላቸው አባባ «ኳስ መምታት?» ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ዛሬ ምሳ በልተን እንደጨረስን «ያች ልጅ ምን አደረገችሽ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ከላይ እስከ ታች። እየነገርኳቸው ድምፄ ከፍ አለ፤ አላስቆሙኝም።

«እኔና መሪጌታ ጥበቡ» አሉ ስጨርስ፣ «ስድስት ዓመት ተኳርፈን ማኅሌት ቆመናል። እሱ ሲመራ እኔ እቀበላለሁ፣ እኔ ስመራ እሱ ይቀበላል። ከቅጽሩ ስንወጣ ግን ሰላም አንባባልም።»

«በኋላ ታረቃችሁ?»

«ሞተ።»

ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«በእሱ ቦታ የቆመው ጎበዝ ነው። ድምፁ ከጥበቡም ያምራል። ግን አይሰማኝም። ጥበቡ ተኳርፈንም ይሰማኝ ነበር፤ ትንፋሼ ሲያጥረኝ ገና ሳልጠቁመው ያነሳልኛል።»

ምክር መሆኑ ገባኝና ደሜ ፈላ። ምክር አልፈለግሁም። የፈለግሁት «ልክ ነሽ፣ በድላሻለች» እንዲሉኝ ነው።

«ጥፋቱ የማን ነበር ታዲያ?» አልኳቸው፣ ላጠምዳቸው።

«የእኔ» አሉና ጋቢያቸውን አንስተው ወደ ጓዳ ሄዱ።

እሑድ፣ መስከረም 18

አሁን ገና ከሐይቁ ዳር ተመለስኩ።

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ሊዲያ። ላላነሳ ነበር፤ አነሳሁ።

«ሐይቅ ነኝ» አለችኝ።

ለግሸን ንግሥ ከሰፈሯ ማኅበር ጋር በአውቶቡስ እየሄደች ነው። መንገዳቸው ላይ እስጢፋኖስን ሊሳለሙ ቆመዋል። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ወንዶቹ ገብተው ሴቶቹ ውጭ እየጠበቁ ነው። «አንድ ሰዓት አለኝ» አለች። አንድ ሰዓት! ለስምንት ዓመት!

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምላትን እየደረደርኩ። ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር ነጭ ነጠላ ለብሳ ቆማ አገኘኋት። ልትስመኝ ስትል ወደ ኋላ አልኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታመሽ ነበር...»

«የታመመው እጄ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም!»

ሴቶቹ ዞረው አዩን። ግድ አልሰጠኝም። ዝርዝሩን እንዴት እንዳየሁት፣ ነጥቤ እንደሚወድቅ፣ አሠልጣኙ እንደዘጋብኝ (እኔ ነኝ የዘጋሁት፣ ግን እንዲያ አልኩ)፣ ሁሉንም ለቀቅሁባት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና አለች።

«ቱኒዝያ ትዝ ይልሻል?»

ትዝ ይለኛል። እስከ አሥር በሚቆጠረው የመጨረሻ መለያ ዘጠኝ ለስምንት እየመራን ሊዲያ ሁለት ሰርቭ በተከታታይ አበላሸች። ተሸነፍን። ምንም አላልኳትም።

«ምንም አላልሽኝም» አለች፣ ሐሳቤን እንደሰማች ሁሉ። «ቦርሳሽን አንስተሽ በመጀመሪያው መኪና ሄድሽ። የክፍሉ ቁልፍ አንቺ ጋ ነበር። ስልኬም ገንዘቤም ክፍል ውስጥ። ሁለት ሰዓት በላብ ልብሴ ሜዳው በር ላይ ቆምኩ። ብርድ ነበር። በመጨረሻ በሰው መኪና ስመጣ በሩን ከፍተሽልኝ ተመልሰሽ ተኛሽ። ያኔም ምንም አላልሽኝም። ሦስት ቀን።»

ቁልፉን አላስታውስም ነበር። እውነቴን ነው፣ ለማንም አልዋሽም እዚህ፤ ፈጽሞ አላስታውስም ነበር።

«ትዕግሥት፣ ካንቺ ጋር ስጫወት የምፈራው ከመረቡ ማዶ ያሉትን አልነበረም። ሰርቭ ልመታ ኳሱን ሳነሳ የጀርባሽን ሁኔታ ነው የማየው። ትከሻሽ ከፍ ካለ እጄ ይደነዝዛል።»

«ታዲያ ይሄን በአፍሽ መናገር አቃተሽ?»

«ፈርቼሽ ነዋ!» ብላ ጮኸች። ሊዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ አላለቀስኩም። ምንም አላልኩም። ምንም! እዚያው ቆሜ እንደገና ያንኑ አደረግሁ።

ወንዶቹ ተመለሱ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። «ደህና ሁኚ» አለችኝ። አውቶቡሱ ዋናው መንገድ ላይ እስኪወጣ አየሁት።

ሳምንቱን ሙሉ እኔ አንዳች ጥፋት እንደሌለብኝ ሆኜ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ቁጣዬ ግማሹ ወደ እኔ ዞረ፤ የሚያቃጥለኝም ይሄኛው ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 19

አሁንም ተናድጃለሁ። ቱኒዝያ እውነት ነው። ሳትነግረኝ መመዝገቧም እውነት ነው። አንዱ አንዱን አያጠፋውም።

ጠዋት ጻፍኩላት። አላጠፋሁትም፤ ላክሁት፦ «ስለ ቁልፉ ይቅርታ አድርጊልኝ። ስለ ዝምታዬም። ሳትነግሪኝ ስለተመዘገብሽው ግን ገና አልበረደልኝም።» አልደረሳትም። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም ይሆናል።

ከዚያ ሰው መፈለግ። አንዷ አግብታ ቴኒስ ትታለች። አንዷ ጥንድ አላት። አንዷ አንብባ ዝም አለች። (ዝም መባል እንዴት እንደሚያነድ!)

የቀረችኝ ግሬስ ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ዑጋንዳዊት። አምና ስናሸንፋት ራኬቷን መሬት ላይ ፈጥፍጣ የሰበረች። ያኔ ሊዲያን «ይቺ ጤነኛ አይደለችም» ብያት ነበር። ከቀትር በኋላ አባባ ከአንዴም ሁለቴ በመስኮት እያዩኝ ስልኩን ይዤ ግቢውን ዞርኩት። ጻፍኩላት።

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ግሬስ ጠዋት መለሰች። «እሺ! እሺ! መቼ?» ሦስት መስመር ሙሉ የሳቅ ምልክት።

ልመዘግብ ስል እጄ ቆመ። መጀመሪያ እውነቱን መናገር አለብኝ አልኩ። ጻፍኩ፦ «አንድ ነገር እወቂ። ሜዳ ላይ ስናደድ ዝም እላለሁ። ክፉ ዝምታ ነው። ልተወው እየሞከርኩ ነው፣ ግን ገና አልተውኩትም። ያኔ አትፍሪኝ፤ ተናገሪኝ።»

ረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ሸሸች ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ፦

«እኔ ስናደድ ምን እንደማደርግ አይተሻል። ትርፍ ራኬት ይዘሽ ነይ።»

ሳቅሁ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ። አባባ ከደጅ «ደኅና ነሽ?» አሉ።

ተመዘገብን። አንጓዬን ማታ በጨው ውኃ ነክሬዋለሁ፤ ትንሽ ያብጣል። ዘሃራ ነገ ከትምህርት በፊት ሜዳው ላይ እጠብቅሻለሁ ብላለች።

አባባ ራት ላይ «ይሄ ናይሮቢ የሚሉት በስልክ ይታያል?» አሉኝ።

«አንዳንዱ ይታያል።»

«እንግዲያ ዘሃራን አሳዪው በያት። የትኛዋ አንች እንደሆንሽ ግን አስቀድማ ትንገረኝ።»

ዕጣው ከሊዲያ ጋር ቢያገናኘንስ? ቀኑን ሙሉ ሳስበው ነበር። በመጀመሪያው ዙር ይሁን እላለሁ፤ ደግሞ አይሁን እላለሁ። መልእክቴ እስካሁን አልደረሳትም። ነገ ንግሡ ነው፤ ከተራራው የምትወርደው ከዚያ በኋላ ነው።