ስለ አዙሪቶቹ ጉብኝትዎ

ለክቡር የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎም የተመቸዎ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ የምድር ቤቱ ላቦራቶሪ ባልደረቦች ደህና ነን፤ ከመሃላችን የጎደለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የምጽፍልዎም ስለ እሷ ነው።

፩ኛ፦ የተከበሩ እንግዶችዎን ይዘው ሥራችንን ለመጎብኘት በመምጣትዎ እናመሰግናለን። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብለው መልሱን ሳይሰሙ ስልክዎ ስለጠራ፣ አሁን ልመልስልዎ። ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሚቀጥኑ ሁለት የብረት ዲስኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ መግነጢሱ እንደተማሰለ ውሃ ይዞራል፤ የአዙሪቱ እምብርት ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ያመለክታል። የአንዱን እምብርት ነቅነቅ ሲያደርጉት ጎረቤቱ ሳይነካ መዞር ይጀምራል፤ እንቅስቃሴውም በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። «ዝምተኛዋ» የምንላት የዶክትሬት ተማሪያችን እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አሰልፋ፣ እጅግ ጥቂት ኃይል በሚበላ ስሌት «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ድምፆችን እንዲለዩ አድርጋ ነበር። ከቢሮዎ ከሁለቱ አንዱንም ሰምተን ስለማናውቅ፣ ውጤቱ ከማንም በላይ እኛን አስደስቶናል።

፪ኛ፦ ልጅቷ ዝግ ባለ ድምፅ «ጌታዬ፣ ባጅዎን ቢያወልቁልኝ፤ ከጀርባው ማግኔት አለው» ብላ ስትለምንዎ፣ «እኔን ነው እንዴ የምትፈትሺኝ?» ብለው በማስተማርዎ ልናመሰግንዎ ይገባል። ከዚያም ባጁን ሳያወልቁ ፎቶ ለመነሳት ዲስኮቹ ላይ አጎነበሱ። አዙሪቶቹ ጠፉ፤ ቀና ሲሉ ቢመለሱም እምብርቶቻቸው እንዳሻቸው ሆኑ። ሙከራው በእንግዶች ፊት ሲጀመር «አይ» ሲባል «አዎ» ብሎ መለሰ። የስብሰባዎቻችንን ልማድ በዚህ ፍጥነት ይለምዳል ብለን አልገመትንም ነበር።

፫ኛ፦ «በዝግጅት ጉድለት ተቋሙን አሳፍራለች» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ስለጻፉላት ምን ልበል? ወረቀቱን ይዛ ቢሮዬ መጣችና፣ ሳትቀመጥ «እኔ እኮ ነግሬያቸው ነበር» አለችኝ። ማስጠንቀቂያው እንዲነሳላት ደጅዎ ድረስ ተመላለስኩ፤ ጸሐፊዎ በጣም ጨዋ ሴት ናቸው፣ ሁልጊዜ ወንበር ይሰጡኛል።

ይሁንና ከእንግዶችዎ መካከል አንዲት አረጋዊት መሐንዲስ ነበሩ። ባጁንም፣ ማጎንበስዎንም፣ የልጅቷንም ፊት አይተዋል። በወሩ ውስጥ ወደ ራሳቸው ላቦራቶሪ ወሰዷት። ጥንዶቹን እዚያ እንደገና ሠራቻቸው፤ ዛሬ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያዳምጣሉ። በተለያየን ቀን እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ «እትዬ፣ አይዞሽ» ያለችኝ እሷ ናት፤ ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እንግዲህ እንግዶቹን እርስዎ ባይጋብዙልን ኖሮ ይህን ሁሉ ከየት እናገኘው ነበር?

ደጅዎን በመጥናት ወንበር ያሞቀችው፣ መልስ ባለመጠበቅ ረገድም የሰለጠነችው፣
የመግነጢስ ላቦራቶሪ ኃላፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላቦራቶሪያችን ይፋዊ ምረቃ ለመጪው ሳምንት መያዙን በደስታ ሰምተናል። የቀረነውም ባልደረቦች መልቀቂያ አስገብተን ወደ ልጅቷ ዘንድ እየሄድን ስለሆነ፣ ሪባኑን ሲቆርጡ የሚያጨናንቅዎ ሰው በውስጡ አይኖርም።