ነፃ ቦታው የጨመረበት ሳምንት

ሰኞ

ደረጀ ስሜን ከማሽኑ የስልክ ማስጠንቀቂያ ተቀባዮች መሐል አወጣው። ሳይነግረኝ። ክርስትና ያነሣሁት ልጅ ነው፤ እዚህ ሥራም ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ የወልድያው የመረጃ ማዕከል ኃላፊ ሆነና ሰረዘኝ።

«ጋሼ፣ በትንሹም በትልቁም እየደወሉ ሰው አስጨነቁ። ትንሽ ይረፉ» አለኝ።

ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው?

ዋናው ኮምፒዩተር አዲስ አበባ ነው። የቆዩ የጡረታ ፋይሎች ግን የሚቀመጡት እኛ ጋ ነው፣ በቴፕ። ቴፕ እንላለን እንጂ የሚጠቀለል ክር የለም። ያለው ዲስክ ነው፤ ማሽኑ ቴፕ ይመስለዋል። ቴፖቹን የሚከታተል ፕሮግራም አለ፤ በየጠዋቱ ሪፖርት ያወጣል። መመሪያውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ብቻዬን ተምሬዋለሁ። ማስጠንቀቂያውን ቢከለክሉኝም ሪፖርቱን ከማየት የሚያግደኝ የለም። አየሁት። ሁሉም አረንጓዴ። ነፃ ቦታ ጨምሯል።

ማክሰኞ

ነፃ ቦታው ዛሬም ጨመረ። ፋይል የሰረዘ ሰው ካለ ጠየቅሁ፤ የለም። ደረጀ ግን ደስ ብሎታል።

«ቦታ አለቀ እያሉ ሲጮኹብን አልነበር? ይኸው ቦታ!» ሠራተኞቹ ሳቁ።

ጎተራዬ ውስጥ ድንገት ቦታ ቢበዛብኝ እልል አልልም፤ እህሉን ማን ወሰደው እላለሁ። ይህ ፕሮግራም ቦታው ሲሞላ ይጮኻል። ሲራቆት ግን ዝም ነው። እንዲያ አድርገው ነው ያዘጋጁት።

አዲሷ ልጅ የጥገና ወረቀት ላይ የፈረንጅ ቀን ጽፋ አገኘኋት። አስቀድጄ አስጻፍኳት። ቀን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እንዲጻፍ በእጄ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ደረጀንም ተለማማጅ ሳለ ስንቴ አስደግሜዋለሁ።

ወገቤን አሞኛል።

ረቡዕ

ሰይድ ከመርሳ ደወለ። ግሬደር ነጂ ነበር፤ በወጣትነታችን የሐራን መንገድ አብረን ሠርተናል። አሁን ጡረታውን ሊያስከብር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት በጦርነቱ ጊዜ ነዷል። ስንት ዘመን እንደሠራ የሚመሰክርለት እኛ ጋ ያለው ቅጂ ብቻ ነው። ዛሬ «ፋይልህ አልተገኘም» ተባለ።

«ምነው፣ ማሽናችሁ ረሳኝ እንዴ? ያን ሁሉ አቧራ ስቅም ኖሬ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ተቋረጠ። «ወላሂ፣ ሌላ ማስረጃ የለኝም» አለኝ።

አለሁልህ አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ።

ደረጀ ጋ ገባሁ። «ነገ እናየዋለን ጋሼ፤ ስብሰባ አለብኝ።»

ሐሙስ

አልጠበቅሁትም። ከሪፖርቱ ማንም የማያነበውን የመጨረሻ ክፍል ከፍቼ ቴፖቹን አንድ በአንድ አየሁ። «ዘመኑ ያለፈበት» ይላል። ከጎኑ «ለዳግም ጽሑፍ የተለቀቀ» ይላል። የአስተማሪዎቹ። የነርሶቹ። የመንገድ ሠራተኞቹ።

እስከ 2025 ይጠበቁ ተብሎ ተሞልቷል። እኛ 2018 ላይ ነን፤ ገና ብዙ ይቀረዋል። ማሽኑ የሚቆጥረው ግን በፈረንጅ ነው። ለእሱ 2025 አምና አልፏል። ፋይሎቹን በገዛ እጃችን እያስጣልነው ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጠበቂያውን ዘመን ያደሰው ደረጀ ነው።

«አንተ ነህ!» አልኩት በሰው ፊት። ፊቱ አመድ መሰለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀቴን አየ። እኔን አየ። ሮጦ ሄዶ ወደ ቴፖቹ አዲስ ጽሑፍ እንዳይገባ አስቆመ። የተለቀቀ ቴፕ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ይመለሳል። ከተጻፈበት አለቀ።

ዓርብ

የአዲስ አበባ አለቆች በስልክ ሰበሰቡን። ስልኩ ጠረጴዛው መሐል ነው፤ ሁላችንም እንሰማለን።

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሙላ ያለህ ማነው?»

ወረቀቱ ከደረጀ ራስ በላይ ተለጥፏል።

«ማንም አላለኝም። ስህተቱ የኔ ነው» አለ።

እኔ ወረቀት ላይ ጻፉ አልኩ እንጂ ለማሽን ንገሩ አላልኩም። ይህንኑ ልናገር አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ስንወጣ «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለኝ።

ቅዳሜ

አብዛኞቹ ተመለሱ። የተጻፈባቸውም አሉ፤ የእነማን እንደነበሩ ገና አልታወቀም። ፋይሉ የጠፋበት ሰው መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ አይታወቅም።

የሰይድ ተገኘ። ደወልኩለት።

«አልሐምዱሊላህ! የት ነበር የደበቃችሁኝ? ማነው እንዲህ የቀለደብኝ?»

«ማሽን ነው» አልኩት።

ደረጀ ከኃላፊነቱ ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ስሜን ወደ ማስጠንቀቂያ ተቀባዮቹ መልሶታል። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል።

ወረቀቱን ከግድግዳው አላወረድኩም። አላወርድምም። ሰይድ ቢጠይቀኝ፣ የደረጀ እናት ብትጠይቀኝ፣ የንስሐ አባቴም ቢጠይቁኝ፣ ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልናገርም።