ያልተቆረጠው ጠርዝ

ጥቅምት 2

ዘመን የማይቆጠርልህ፣ ለፍጥረት ሁሉ ግን ዘመኑን ቆጥረህ የምትሰጥ፣ የኃያላንን ዙፋን እንደ በርጩማ አንሥተህ የምታስቀምጥ፣ የአንድ ሽማግሌ ጠራዥን የተንሻፈፈ ጸሎት ግን ሳትሰለች የምታደምጥ አምላኬ ሆይ፤ ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። የትምህርት ቤት መዝገብ ስሰፋ ዋልሁ። ሙጫው አልደርቅ አለ። ሱቁን ለሁለት ከሚከፍለው መስታወት ወዲያ ሰዓት ሠሪው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሱቅ የተጋራን ወዳጄ፣ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ «አባ ስጋት፣ የልብ ቀዶ ሕክምናዬ ለሃያ አንድ ተቀጠረ» አለኝ። እንደ ቀልድ።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«ደግሞ ደስ ይበልህ፤ ከዚያ በፊት እጠመቃለሁ። ካህኑን አናግርልኝ። ምስክሬም አንተ ነህ።»

ስንት ዓመት የለመንሁት ነገር! ታዲያ ደስታው የት ገባ?

ጥቅምት 5

ካህኑ ለአሥራ ዘጠኝ ቀጠሩልን። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ… «ወዳጅዎ የሚመጡት አምነው ነው ወይስ ተገፍተው? በጉባኤው ፊት የሚመሰክሩት ይህንኑ ነውና ያስቡበት።»

አሰብሁበት። ባላሰብሁበት ይሻል ነበር።

ጥቅምት 9

ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ ይግቡ፤ በሽተኛዬ ደህናውን ራዲዮ እየፈታታ ነው» ብላ ሳቀች።

የመስኮቱ ደፍ ላይ ያ ወንጌል ተቀምጧል፤ ከሦስት ዓመት በፊት በቀይ ቆዳ ጠርዤ፣ ስሙን በወርቅ ቀለም አትሜበት የሰጠሁት። አነሣሁት። ልገልጠው ብል አልገለጥ አለኝ። ጠራዥ ሰፍቶ ሲጨርስ የታጠፉትን ሉሆች ጠርዝ ካልቆረጠ መጽሐፍ አይከፈትም፤ ተለማማጅ እንኳ የማይስተውን እኔ ስቻለሁ። ለመስጠት ስቸኩል! የተዘጋ መጽሐፍ ሰጥቼው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «አነበብኸው?» እያልሁ ነዘነዝሁት፤ እርሱም እንዳላፍር ብሎ፣ «ግሩም ነው» ይለኝ ነበር።

«ታዲያ በምን አመንህ?» አልሁት።

«አንተ ስለ እኔ ስትፈራ ማየት ሰለቸኝ። ብሞት እንኳ አንተ እፎይ ትላለህ። ለወዳጅ ይህ ይበዛል?»

ወዮልኝ።

ጥቅምት 10

ምን ብዬ ነበር የሰበክሁት? ፍቅርን? አይደለም… ሲኦልን። ለነፍሱ አዝኜ ነው እያልሁ ራሴን እያታለልሁ የኖርሁት እኔ፣ ዛሬ ልቤን እንደ አሮጌ መጽሐፍ ፈትቼ ብመረምረው፣ ከሞት ወዲያ ያለውን በር ብቻዬን መግፋት ፈርቼ ባልንጀራ ስፈልግ፣ ይባስ ብሎም በክርክር የማይረታውን ሰው «ረታሁት» ለማለት ስጓጓ ራሴን አገኘሁት። እውነቱን ለካህኑ ብነግር ጥምቀቱ ይዘገያል። ሃያ አንድ ደርሶ ሳይጠመቅ ቢሞትስ? ብደብቅ ደግሞ በፊትህ በሐሰት መመስከሬ ነው። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ እሳት…

ጥቅምት 11

ለራሱ ለወዳጄ ነገርሁት። ሁሉንም።

ጠግኖ የጨረሰውን ሰዓት ለደንበኛው ከመመለሱ በፊት ሦስት ቀን ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ይሰቅለዋል፤ ማንም አይነካውም። «ሲነቀንቁት ብቻ የሚሄድ ሰዓት አልዳነም» ይላል።

«እንግዲያው እኔንም ሦስት ቀን ሚስማር ላይ ስቀለኝ» አለ። «እንዳትመጣ። እንዳትደውል። እንዳትሰብከኝ።»

«ከዚያ በኋላ እምቢ ብትልስ?»

«እምቢ አልኋ! ሂድ ወደ ሙጫህ።»

«መጽሐፉን ስጠኝና ልቁረጠው።»

«ተወው፤ ምላጭ አላጣሁም።»

ጥቅምት 12

ዝም አልሁ።

ጥቅምት 13

ዝም። ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መለስሁት። ባዶ ወንበሩ… እምቢ ቢልስ?

ጥቅምት 14

ረፋድ ላይ መጣ። በሩን ተደግፎ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየና መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል፤ ግን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

«ያ ዓሣ አጥማጅ፣ እሳት እየሞቀ ‹አላውቀውም› ያለው… ቁርጥ አንተን! ፈሪ!»

«እና?»

«እናማ ጌታው አልጣለውም። ‹በጎቼን ጠብቅ› አለው። ፈሪን የማያባርር ጌታ ነገረኛንም አያባርር ይሆናል። እሱ ዘንድ መግባት እፈልጋለሁ። አንተን ለማስደሰት አይደለም፤ ብትከፋም እጠመቃለሁ።»

አልከፋሁም። መቁረጫዬን አንሥቼ ጠርዙን ላስተካክል ብል እጄን መታኝ።

ጥቅምት 19

ተጠመቀ። «ውኃው ይበርዳል» ብሎ ካህኑን አሳቃቸው። መሰከርሁ። «አምኖ ነው የመጣው» አልሁ።

ጥቅምት 21

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል። ሦስት ሰዓት ላይ አስገቡት። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ሲሰጠኝ፣ «እንዳትነቀንቀው» አለኝ። ባለቤቱ ከጎኔ ተቀምጣ የበሩን እጀታ ታያለች። አሁን ሰባት ሰዓት አልፏል። የወጣ ሰው የለም።

እፈራለሁ። ግን እስከ ትናንት የፈራሁት የሚሄድበትን ነበር፤ ዛሬ የምፈራው፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያ የማያልቅ ማንጎራጎሩ ተቋርጦ፣ «አባ ስጋት» የሚለኝ ሰው እንዳላጣ ነው። ስለ ነፍሱ የምጨቀጭቅህ የለኝም፤ ያንን ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል።

አንዲት ነገር ብቻ፦ ዛሬ ከዚያ ክፍል በሕይወት አውጣው።